ያልፈጸምኩት ወንጀል በቅጥር ማጣሪያ ላይ በስሜ ወጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ በሚገኝ አንድ ሆቴል የሂሳብ ክፍል ለመሥራት አመልክቼ ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ከተደረገልኝ በኋላ፣ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያውን ካለፍኩ እንደምቀጠር የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ማጣሪያው እንዲካሄድም ፈርሜ ፈቀድኩ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሌላ ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰኝ። አብሮት የተያያዘው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2019 በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት በስርቆት ጥፋተኛ እንደተባልኩ ይናገራል። እኔ በሕይወቴ ተከስሼ አላውቅም፤ የፍርድ ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ለዜግነት መሐላ ብቻ ነው።

በሪፖርቱ ላይ የሰፈረው የእኔና የአባቴ ስም ነው። የትውልድ ቀኑም ዓመቱን ጨምሮ የእኔው ነው፤ ጃንዋሪ 1 ይላል። የስደተኛ ፎርሜ ሲሞላ ትክክለኛው ቀን ስላልታወቀ፣ እንደ ብዙዎቻችን ለእኔም የተጻፈልኝ ይኸው ቀን ነው። የአያቴ ስም ግን በመዝገቡ ላይ የለም። ደብዳቤው ሥራውን ስለመከልከሌ በግልጽ ባይናገርም፣ ወደዚያ እንዳዘነበሉ ያስታውቃል። ሥራው አምልጦኛል ማለት ነው? አሠሪውን ልለምን ወይስ ሌላ የምሄድበት አካል አለ? የማላውቀው ሰው ጥፋትስ እንዴት በእኔ ላይ ሊለጠፍ ቻለ?

መልስ፣ በሰው ኃይል አስተዳደር ከሚሠራ አባል

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ይረጋጉ። የደረሰዎት የመከልከያ ደብዳቤ ሳይሆን፣ አሠሪው ከመከልከሉ በፊት እንዲልክ ሕግ የሚያስገድደው ማሳወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ አሠሪው ማጣሪያውን በውጭ ድርጅት ሲያሠራ አስቀድሞ የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል አለበት፤ በተገኘው መረጃ ምክንያት ቅጥሩን ከመሰረዙም በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብቶች መግለጫ መላክ ይኖርበታል። የፌዴራሉ ሕግ በማሳወቂያውና በመጨረሻው ውሳኔ መካከል ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ በቁጥር አልወሰነም፤ በተግባር አብዛኛው ድርጅት 5 የሥራ ቀናት ይጠብቃል። እርስዎ ያመለከቱበት ካውንቲ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ አሠሪው ሊሰርዝ ያሰበበትን የመዝገብ ክፍል ለይቶ ማሳወቅና፣ አመልካቹ ስሕተት መኖሩን እንዲያመለክት 7 ቀን መታገሥ ይጠበቅበታል። ቀኑን ከማክሰኞ ጀምረው ይቁጠሩ።

ዛሬውኑ ለሆቴሉ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። መዝገቡ የእርስዎ አለመሆኑን፣ ሪፖርቱን ላዘጋጀው ድርጅት ተቃውሞ እንደሚያቀርቡና ውጤቱ እስኪታወቅ ቦታው እንዲቆይልዎት መጠየቅዎን ይግለጹ። ልመና አያስፈልግም፤ ረጅም የሕይወት ታሪክም አይጻፉ። እኔ በሥራዬ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ የተማጸኑ ሰዎችን ደብዳቤ አንብቤያለሁ፤ አንዳቸውም ግን “መዝገቡ የእኔ አይደለም” የሚለውን ዋና ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ አላስቀመጡትም ነበር።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)

እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ሥራ አስኪያጁን በአካል አነጋግሬ ተግባብተን ነበር። ሄደው ቢያነጋግሩ ይሻላል እላለሁ፤ ወረቀት መላላክ ጊዜ ይፈጃል።

መልስ፣ ቀድሞ በመዝገብ ማጣራት ሥራ ላይ ከነበረ አባል

ወንድማችን ከላይ የሰጡት ምክር ለእርሳቸው ሠርቶላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ሆቴሉ ሪፖርቱን ማረም ስለማይችል፣ ዛሬ ቢግባቡም ያው ስሕተት በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ተመልሶ ይመጣል። የሚያርመው ሪፖርቱን የሸጠው ድርጅት ብቻ ነው።

ነገሩ የሚያደናግረን በአገር ቤት ከለመድነው ስለሚለይ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ አመልካቹ ለፖሊስ አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ራሱ ይዞ ይቀርባል። እዚህ አሜሪካ ግን፣ እንደ ሕፃናት መንከባከቢያና ትምህርት ቤት ያሉ ሕግ አሻራ የሚጠይቅባቸው ሥራዎች ሲቀሩ፣ አብዛኛው የግል አሠሪ የሚጠቀመው በስምና በትውልድ ቀን የሚደረግ ፍለጋን ነው። ድርጅቱ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ (መንግሥት በሰጠዎት የግል መለያ ቁጥር) አማካይነት ከዚህ ቀደም የኖሩባቸውን አድራሻዎች ያወጣል፤ ከዚያም በእነዚያ ካውንቲዎች ፍርድ ቤቶች ስምዎን ይፈልጋል። የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገኝ፣ ማመሳከሪያ ሆነው የሚቀሩት ስምና የትውልድ ቀን ናቸው። እርስዎ በአንድ ወቅት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ኖረው ከሆነ ፍለጋው ወደዚያ የሄደበት ምክንያት ይኸው ነው።

የእኛ ሰው በዚህ አሠራር ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባታችን ስም “ላስት ኔም” ሆኖ ይጻፋል፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ደግሞ አንድ ዓይነት የአባት ስም ያላቸው የማይዛመዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ ጃንዋሪ 1 ሲጨመርበት፣ ለማመሳከሪያ የታሰበው የትውልድ ቀን መለያነቱን ያጣል። የሚለየን የአያት ስም ነው፤ እሱን ደግሞ ፎርም ስንሞላ ብዙ ጊዜ እንተወዋለን።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በሪፖርቱ ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር ይዘው በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ወደሚገኘው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሂዱና የክሱን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ። በሜሪላንድ የክስ ወረቀት ላይ የተከሳሹ አድራሻ፣ ጾታ፣ ቁመትና ክብደት ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከእርስዎ ጋር ካልተስማማ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ማስረጃ ነው። ከዚያም ለማጣሪያው ድርጅት የተቃውሞ ደብዳቤ ከመንጃ ፈቃድዎ ቅጂና ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ጋር፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥበት ፖስታ ይላኩ፤ በድረ ገጻቸው ላይም ያስገቡ። ድርጅቱ ተቃውሞው በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ እንደገና የማጣራት ግዴታ አለበት። ሲያርም ደግሞ የታረመውን ሪፖርት ለሆቴሉ እንዲልክ በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ላይልክ ይችላል።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከሌላ አባል

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔ ጉዳይ ከዚህ ጥቂት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2020 እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ተከስሼ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶታል። ጥፋተኛ ሳልባል ይህም በማጣሪያ ላይ ይወጣል?

መልስ፣ በሕግ ድጋፍ ሥራ ላይ ከተሰማራች አባል

ሊወጣ ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ በጥፋተኝነት ያልተደመደመን ጉዳይ ለ7 ዓመት ያህል ሪፖርት ማድረግን ይፈቅዳል፤ ደመወዙ በዓመት 75,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ ይህ ገደብ አይሠራም። የጥፋተኝነት ውሳኔ ደግሞ በፌዴራል ሕግ የጊዜ ገደብ የለውም። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ዛሬ ስምዎን አስገብተው ምን እንደሚታይ ይመልከቱ።

ሆኖም መዝገቡን ማሰረዝ ይችላሉ። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ወዲህ በነጻ መለቀቅ ወይም በክስ መተው የተዘጉ ጉዳዮች ከ3 ዓመት በኋላ ያለ ማመልከቻ እንዲሰረዙ ደንግጋለች፤ የእርስዎ ክስ ግን ከዚያ ቀን በፊት ስለሆነ ራስዎ ማመልከት ይኖርብዎታል። ከተሰረዘ በኋላ አሠሪ ስለ ክሱ እንዲነግሩት ሊያስገድድዎት አይችልም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ዜጋ ካልሆኑ መዝገቡ ከመሰረዙ በፊት የውሳኔውን የተረጋገጠ ቅጂ ከፍርድ ቤቱ አውጥተው ያስቀምጡ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የተሰረዘ ክስንም ይጠይቃል፤ መዝገቡ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ክሱ እንዴት እንደተዘጋ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ከማመልከትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክሩ መልካም ነው።

ለመጀመሪያዋ ጠያቂም፦ ድርጅቱ ማስረጃዎን ተመልክቶ አላርምም ካለ ጠበቃ ይፈልጉ። ያው የፌዴራል ሕግ፣ ከሳሹ ሲያሸንፍ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ ድርጅት እንዲከፍል ስለሚያደርግ፣ በቅድሚያ ገንዘብ የማይጠይቁ ጠበቆች አሉ።

መልስ፣ ከኤርፖርት ሠራተኛ

ለኤርፖርት ባጅ (በኤርፖርቱ ጥብቅ ክልል ለመሥራት ለሚያስፈልገው መታወቂያ) ለሚያመለክቱ ብቻ ልጨምር። እዚህ ማጣሪያው በአሻራ ስለሆነ የስም መመሳሰል ብዙ አያሳስብም፤ የሚታየውም ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተዘረዘሩ ወንጀሎች ጥፋተኛ መባል ነው። ችግሩ የኤፍቢአይ መዝገብ አንዳንድ ጊዜ ሰውየው በፖሊስ መያዙን ጽፎ የፍርዱን ውጤት ሳይጽፍ መቅረቱ ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው ከማመልከቱ በፊት የራሱን መዝገብ ከኤፍቢአይ በ18 ዶላር አስወጥቶ ማየት ይችላል።

ጠያቂዋ እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሆቴሉ በአራት መስመር ጻፍኩ፤ ቦታውን እንደሚያቆዩልኝ በማግስቱ መለሱልኝ። በእርግጥም ከስድስት ዓመት በፊት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ሃያትስቪል ኖሬ ነበር። ትናንት መዝገብ ቤት ሄጄ የክሱን ወረቀት አወጣሁ። ስሜ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ነው፤ በክሱ ወረቀት ላይ የጾታ ሣጥን ውስጥ “ወንድ” ይላል፣ ቁመቱም ከእኔ በአንድ ክንድ ሳይበልጥ አይቀርም። ጸሐፊዋ ወረቀቱንም እኔንም አይታ ሳቀች። ተቃውሞውን ዛሬ ጠዋት በፖስታ ልኬ ደረሰኙን ይዣለሁ፤ በድረ ገጻቸው ላይ ስሞላም የአያቴን ስም ሳልረሳ አስገብቻለሁ።