ቅኝ ካልተገዛን ለገሃሩ ላይ ፈረንሳይኛ ለምን ተጻፈ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ማታ ለእህቴ ልጅ ስለ አውሮፓ ኢምፔሪያሊዝም እያስጠናሁት ነበር። «ፋብሪካቸው ጥሬ ዕቃና ገበያ ስለፈለገ አፍሪካን ተቀራመቱ» የሚል አነበበ። ቀና አለና «አክስቴ፣ እኛ ቅኝ ካልተገዛን ለገሃሩ ላይ ፈረንሳይኛው ምን ይሠራል?» አለኝ። የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ ማለቱ ነው። ዝም አልኩ። አባቴ ዕድሜውን ምድር ባቡር ነው የጨረሰው። የሚሠራበትን ዕቃ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠራው። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ምን ብዬ ልመልስለት?

የሐረሩ መምህር፦
እህቴ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጥሩ ጠይቋል። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ትምህርት የምጀምረው ከድንጋይ ከሰል ነው። የሸራ መርከብ ነፋስ ይበቃዋል። የእንፋሎት መርከብ ግን በየመንገዱ ከሰል የሚጭንበት ወደብ ይፈልጋል። እንግሊዝ የየመኑን ወደብ ኤደንን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕር የአውሮፓና የእስያ ዋና መንገድ ሆነ። ፈረንሳይ ከጅቡቲ ወደብ ማዶ ያለችውን ኦቦክን በ1862 ገዝታ ትታት ነበር። በ1884 ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች ኤደን ላይ ከሰል ከለከሏት። ያን ጊዜ ኦቦክ ትዝ አለቻት። ከዚያ ወደ ጅቡቲ ተሻገረች።

ወደብ ደግሞ ጭነት ከሌለው ባዶ ዳርቻ ነው። ጭነቱ ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ የሐረር ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ። ባቡር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ምኒልክም ባቡር ይፈልጉ ነበር። በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። በ1897 ከጅቡቲ ሥራ ተጀመረ። ወደ ሐረር መውጣት በተራራው ምክንያት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ሐዲዱ በሜዳው በኩል መጣ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ደረሰ፤ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። ግን በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ምኒልክን ሳያማክር ባቡሩን ከሚሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር የድጎማ ውል ተዋዋለ። ምኒልክ ተቆጡ። የፈቀዱት ለኩባንያ እንጂ ለመንግሥት አልነበረም። ገንዘቡም አልቆ ነበርና ሥራው እዚሁ ቆመ። ኩባንያው በ1907 ከሰረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስከዚያው ዕቃው እዚህ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። የገበያ ሰፈራችን መጋላ በዚያ ጭነት ነው የደራችው።

በ1906 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በአገራችን ላይ ያላቸውን ጥቅም ተከፋፍለው ተፈራረሙ። ከአድዋ 10 ዓመት በኋላ! ምኒልክ ሉዓላዊ መብቴን አይነካም ብለው መለሱላቸው። ለልጁ እንዲህ በይው፦ አልተገዛንም፣ ግን ዙሪያችንን ተከበን ነበር።

መጋላ ያደግኩት፦
መምህር እግዜር ይስጥልን። አቦ ጉዳቱንም ጨምሩበት። ሐዲዱ ያለፈው በኢሳ ሶማሌዎች መሬት ላይ ነው። የአያቴ ወንድሞች ጅቡቲ ቀሩ፣ እሷ እዚህ። ድንበር የመጣው እነሱን ሳይጠይቅ ነው። ለሠርግና ለለቅሶ በወረቀት መተያየት ሆነ። የሐረር ቅፍለት ድሮ የሚወርደው ዘይላ ወደብ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዘይላ ቀዘቀዘች። አያቴ ስለ ዘይላ ስታወራ እጇ ከቡናው ላይ ይቆም ነበር።

የከዚራ ልጅ፦
ልቤን ነካሽው። መምህር፣ ሐረርን የያዟት ግብጾችስ? እነሱ አውሮፓዊ አይደሉም።

የሐረሩ መምህር፦
ልክ ነሽ። ከ1875 እስከ 1885 ቆይተዋል። ግን ግብጽ ራሷ በአውሮፓ ባንኮች ዕዳ ተይዛ ነበር። በ1882 እንግሊዝ ካይሮን ያዘች፤ ጦሩን ከሐረር ያስወጣችውም እሷ ናት። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረር የገቡት በ1887 መጀመሪያ ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ልጁ ሁሉንም አነበበው፤ የአያቱን ፎቶ ከሳጥን አውጡልኝ ብሏል። ነገ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ለገሃሩ በር ላይ አቆመውና ጽሑፉን አነብለታለሁ። አባቴ ያስተማረኝ ፈረንሳይኛ ለዚያ ይበቃል።