“ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ” ያለ ሁሉ አየር ላይ ይግባ?

ጥያቄው፦ የአየር ሰዓት ገዝተው በኤፍኤም የጨዋታ ፕሮግራም የሚያቀርቡ አዘጋጆች የደወለውን ሁሉ በቀጥታ ያስገቡት ወይስ መጀመሪያ ከጀርባ ያነጋግሩት?

ሌሊት አድማጭ፦ በቀጥታ ይግባ እንጂ! ተጣርቶ የገባ ደዋይ ነገሩን አንዴ ለአጣሪው አውርቶታል፤ አየር ላይ ሲደርስ ቀልዱ ደርቆ ነው። አሜሪካዊው የሬዲዮ አቅራቢ አርት ቤል ኔቫዳ ውስጥ ፓራምፕ ከምትባል የበረሃ ከተማ፣ ከገዛ ቤቱ ሌሊቱን ሲያሰራጭ ስልክ አያጣራም ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር “የኤሪያ 51 (እዚያው ኔቫዳ ያለ የአሜሪካ ምስጢራዊ የጦር ሰፈር) የቀድሞ ሠራተኛ ነኝ” ያለ ሰው በለቅሶ ድምፅ እያወራ ሳለ የሳተላይት ሥርጭቱ ድንገት ተቋረጠ። እስከ ዛሬ ይወራል። አጣሪ ቢኖር ኖሮ “ወንድሜ፣ ተረጋጋና መልሰህ ደውል” ብሎ ይዘጋበት ነበር።

ሚክሰር ላይ፦ በዓመቱ አንድ ሰው ደውሎ ያ ደዋይ እሱ እንደነበረና ነገሩ ፈጠራ እንደሆነ መናገሩንም ጨምሩበት እንጂ! ለማንኛውም ሳያጣራ የሚያስገባ ሰው ዲሌይ ይኑረው፤ ድምፁን ጥቂት ሰከንድ አዘግይቶ የሚያሰራጭ፣ ስድብ ሲመጣ አየር ላይ ሳይደርስ በአንድ ቁልፍ የሚያስቆርጥ ማለት ነው። ድሮ በቴፕ ነበር የሚሠራው፤ አንዱ ማሽን ይቀዳል፣ ቴፑ ተስቦ ሌላው ላይ ይነበባል። ቴፕ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ 7 ሰከንድ ለማግኘት 1 ሜትር ከ33 ያህል መዘርጋት ነበረበት። ዛሬ ትንሽ ሣጥን ወይም ሶፍትዌር ይሠራዋል። 8 ሰከንድ ይዘህ ቁልፉን ስትጫን ግማሹ ይጣላል፣ 4 ይቀርሃል። ያጣኸውን ለመመለስ ማሽኑ ንግግሩን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፤ በ2 በመቶ ከለጠጠ 200 ሰከንድ ይፈልጋል። በእነዚያ 3 ደቂቃዎች ሌላ ተሳዳቢ ከተከተለ መከላከያህ ሳስቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዘፈን ልቀቅ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ። የአቅራቢው ሄድፎን ከዲሌዩ በፊት ካለው ድምፅ ካልተወሰደ ሰውየው የራሱን ቃል ከ7 ሰከንድ በኋላ እየሰማ ይንተባተባል። ደዋዩም ሬዲዮውን ካላጠፋ “ሄሎ? ሄሎ? ገባሁ?” ሲል ሰዓቱ ያልቃል። ወደ ደዋዩ የሚመለሰው መስመርም የሌላውን ሁሉ ድምፅ ይዞ የእሱን ብቻ መቀነስ አለበት፤ አለበለዚያ ማስተጋባት ነው። ከዜና ሰዓት በፊት ከዲሌይ መውጣት የዘነጋ ደግሞ ፕሮግራሙ ዘግይቶ ስለሚያልቅ የዜናውን መግቢያ ይቆርጣል።

ወይዘሪት ጥያቄ፦ ቁልፉ ስድብ ይይዛል፣ ውሸት ግን አይይዝም። ስድብ አንድ ቃል ነው። “የስኳር በሽታ አለብህ? ይኼን ቅጠል ቀቅለህ ጠጣ፣ ኢንሱሊኑን ተወው” የሚለው ግን እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ደህና ይመስላል፤ በ7 ሰከንድ ከ14 ወይም 15 ቃል በላይ አይነገርም፣ ቴክኒሻኑ ሲነቃ አልፏል። የሚያስፈልገው የአንድ ደቂቃ ማጣሪያ ነው። ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር መጠየቅ፤ የሚሸጠው ነገር እንዳለ መጠየቅ፤ ሰው የሚወስደው ወይም የሚተወው መድኃኒት አለበት ወይ ማለት። ቅጠል ሻጭ በሁለተኛው ይታወቃል፤ ዋጋና ስልክ ቁጥር አፉ ላይ ነው።

ሌሊት አድማጭ፦ እሺ እቱ፣ ለመድኃኒቱ ተሸነፍኩ። ግን “ዓመቱ 13 ወር ከሆነ ደመወዝም 13 ጊዜ ይከፈል” የሚለውን ደዋይ ምን ብለሽ ታጣሪዋለሽ? ጳጉሜን ሙሉ በነፃ ሠራን ብሎ ሲያማርር አቅራቢው “የቤት ኪራይስ 13ኛ ትከፍላለህ?” ሲለው፣ ከዚያ አከራዮች መስመሩን ሲያጨናንቁት... ይኼ በማጣሪያ አይመጣም! ቀድሞ የተነገረው አቅራቢ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሳቁ የሚመጣው ባለመዘጋጀቱ ነው።

ሚክሰር ላይ፦ መፍትሔው እዚያው ውስጥ አለ። አጣሪው ለአቅራቢው ስምና ሰፈር ብቻ ይጻፍለት፣ ሐሳቡን አይንገረው።

አዋጅ አንባቢ፦ ሕጉንም አትርሱ። የ2012ቱ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185 ሐሰተኛ መረጃ የሚለው፣ ተናጋሪው ሐሰትነቱን ያወቀው ወይም ማወቅ የነበረበት ሆኖ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለውን ነው። የጳጉሜን ደመወዝ እዚያ አይገባም። የብሔር ስድብ ግን በጥላቻ ንግግር ሊገባ ይችላል፤ “ደዋዩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም” ብሎ ነፃ እወጣለሁ ያለ አዘጋጅ ጠበቃ ያማክር።

ወይዘሪት ጥያቄ፦ ስምና ሰፈር ብቻ የሚለው ተስማምቶኛል፤ ሦስቱን ጥያቄዎች አጣሪው ይያዛቸው። የቀረው ሰው ነው። 1 ሰዓት የገዛ አዘጋጅ አቅራቢውም፣ ስፖንሰር ፈላጊውም፣ ስልክ አንሺውም እሱ ራሱ ነው። አጣሪውን ማን ይከፍለዋል?

ሌሊት አድማጭ፦ ቅጠል ሻጩ ስፖንሰር ይሁን!

ሚክሰር ላይ፦ እዚያማ ዲሌዩም አያድነን፤ የማስታወቂያው ጽሑፍ ለአቅራቢው ቀድሞ ነው የሚሰጠው።