በ300 ዶላር ሜታል ዲቴክተር ለመጀመር የትኛውን ልግዛ?

ከሰሞኑ ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። "ብዙ ገንዘብ የለኝም፣ ግን መጀመር እፈልጋለሁ፤ ምን ትመክረኛለህ?" የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ካልከለከለኝ መሬት ውስጥ የተቀበረ ሳንቲም እና ቀለበት ፍለጋ ዲቴክተሬን ይዤ እወጣለሁ። የምነግራችሁም የራሴን እና ከጓደኞቼ ተውሼ የሞከርኳቸውን ነው።

መልሴን በቅድሚያ ልንገራችሁ። 300 ዶላር ካላችሁ ሁሉንም ዲቴክተሩ ላይ አትጨርሱት። 200 ገደማውን ለዲቴክተሩ፣ የቀረውን ለፒንፖይንተር (ጉድጓድ ውስጥ ዕቃውን ለምትጠቁመው ትንሽ መሣሪያ) እና ለእጅ መቆፈሪያ አድርጉት። ዲቴክተሩንም ያገለገለ ግዙ። ግን የታወቀ ስም ያለው ይሁን።

የታወቀ ስም የምለው በምክንያት ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ማንም የማያውቀው የ60 ዶላር ዕቃ ነበር። ሚስማሩንም፣ ቆርኪውንም፣ ሳንቲሙንም በአንድ ድምፅ ይጮህላቸዋል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቆርኪ ስለቅም ዋልኩ። ነገሩ በጣም አስጠልቶኝ ልተወው ነበር። አንድ ጓደኛዬ የእሱን አውሶኝ ነው የቀጠልኩት።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። በዚህ ገንዘብ አቅም በደንብ የማውቃቸው ሦስት ናቸው።

ጋሬት ኤይስ 300 የአሜሪካኖቹ ነው፤ ቴክሳስ ያለው ኩባንያ ሥራ። ቀላል ነው፣ ልጅም ይይዘዋል፣ በሪሞት ባትሪ ይሠራል። ታች ያለው ሞላላ ኮይል፣ ብረቱን የሚፈልገው ክፍል፣ ውሃ ቢነካው ችግር የለም። ላይኛው ሳጥን ግን ውሃ ይፈራል። ለግቢ ጥሩ ነው። ሆኖም በዚህ ዋጋ ዛሬ የተሻለ ስላለ እኔ ሁለተኛ ምርጫ አደርገዋለሁ።

ኖክታ ሲምፕሌክስ የቱርኮች ነው። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ሲያገኝ እጀታው ይርገበገባል። ያገለገለው በብዛት ስለሚሸጥ ዋጋው አይከብድም። ችግሩ የሚመጣው ውቅያኖስ ዳር ነው። ሲምፕሌክስ የሚሠራው በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ነው። ጨው ያለበት እርጥብ አሸዋ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ማሽኑን ያሳስተዋል። ባዶ አሸዋ ላይ ይጮሃል።

ማይንላብ ቫንኩሽ 440 የአውስትራሊያኖቹ ነው። እሱ በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠራ እርጥብ አሸዋ ላይ ረጋ ይላል። ታናሹ 340 ዋጋው ይቀንሳል፤ ግን ዕቃው በትክክል የት እንዳለ ለይቶ የሚያሳየው ሁናቴ የለውም። ሁለቱም ላይኛው ሳጥናቸው ውሃ አይወድም።

ስለዚህ ሥራችሁ ግቢ፣ ሜዳ እና ወንዝ ዳር ከሆነ ያገለገለ ሲምፕሌክስ ግዙ። በየሰመሩ ኦሽን ሲቲ ውቅያኖስ ዳር የምትወርዱ ከሆነ ቫንኩሽ 440 ይሻላል። እኔ ዛሬ የምይዘው ሲምፕሌክስ ነው።

ስለ ፒንፖይንተር ብዙ ጀማሪ አይሰማኝም። ካሮት የምታክል፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ጠቋሚ ናት። ያለሷ አንድ ሳንቲም ፍለጋ አፈሩን በእጅ ስትፈተፍቱ አሥር ደቂቃ ያልፋል። በእሷ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ብርቱካናማዋ ጋሬት ፕሮ-ፖይንተር ኤቲ ጎበዝ ናት፤ ግን ፎርጅድ አላት። አዲስ ተብላ በግማሽ ዋጋ ካያችኋት እለፏት። የኖክታዋ ፒንፖይንተር በርከስ ትላለች፣ እኔን አላሳፈረችኝም።

ያገለገለ ስትገዙ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አንድ ኳርተር (25 ሳንቲም)፣ አንድ ሚስማር እና የወርቅ ቀለበት ያዙ። ማሽኑን አስነስታችሁ ሦስቱን በየተራ በኮይሉ ፊት አሳልፉ። ድምፁ እና ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር መለያየት አለበት። ገመዱ ኮይሉ ጋ የሚገባበትን ቦታ አጥፉት ዘርጉት፤ ድምፁ ካልተቆራረጠ ደህና ነው። የባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ አረንጓዴ ዝገት ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ሻጩ ለመሞከር ካልፈቀደም እንዲሁ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ የኩባንያው ሕጋዊ ወኪል ጋ ሂዱ፤ ደረሰኙ ነው ዋስትናችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቁጥሩ። ማሽኑ ለእያንዳንዱ የብረታ ብረት ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። የሚዝገው ብረት እና ሚስማር ታች፣ መዳብ እና ብር ላይ ናቸው። የወርቅ ቀለበት ግን መሃል ነው የሚወድቀው፤ የጣሳ መክፈቻዋ ቀለበት እና አምስት ሳንቲሟ ኒኬል ያሉበት። ጀማሪ ሁሉ ቆሻሻ ሲሰለቸው መሃሉን ይዘጋዋል፤ ማሽኑ እዚያ ላለው ቁጥር እንዳይጮህ ያደርገዋል ማለት ነው። ያኔ ወርቁም አብሮ ይዘጋል። ወርቅ የሚፈልግ ሰው የጣሳ ቀለበት መቆፈር አለበት፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

ብር ቀላል ነው። እስከ 1964 የተሠሩት የአሜሪካ ዳይም (አሥር ሳንቲም) እና ኳርተር 90 በመቶ ብር ናቸው። የመጀመሪያዬን ያገኘሁት አንዲት ሽማግሌ ፈቅደውልኝ የድሮ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ነው። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ጥቁሩን አፈር ስፈረክሰው ጠርዙ ነጭ ሆኖ ብልጭ አለ። መዳብ መሬት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል፤ ብር ግን እንደገባ ይወጣል። የ1943 ዳይም ነበረች። ለባለቤቷ ልሰጣቸው ስል እጄን መልሰው ዘጉልኝ።

ፈቃድ ያልኩትን አትለፉት። የብሔራዊ ፓርክ መሬት ላይ ዲቴክተር ክልክል ነው። ናሽናል ሞል፣ ሲ ኤንድ ኦ ካናል፣ ማናሰስ የጦር ሜዳ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። በ1979 የወጣው የፌዴራል ሕግም በፌዴራል መሬት ላይ ያለን ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ ይጠብቃል፤ ቅጣቱ ቀላል አይደለም። የስቴት እና የካውንቲ ፓርኮች ደንብ ይለያያል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው የሚያውቁት ሰው ግቢ ነው። ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጣችሁ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ግለጡት፣ አፈሩን ፎጣ ላይ አድርጉ፣ ስትጨርሱ መልሳችሁ ርገጡት። ባለቤቱ የት እንደቆፈራችሁ ካላወቀ በድጋሚ ይጋብዛችኋል።

"አገር ቤት ልላከው፣ ወርቅ ይገኝበታል?" ላላችሁኝ ደግሞ እንዲህ ነው። እነዚህ ማሽኖች የሳንቲም ማሽኖች ናቸው። ለጥቃቅን የወርቅ ፍሬ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል፣ ለምሳሌ የማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000፤ ዋጋውም ከዚህ በጀት ውጭ ነው። ማዕድን ያለ ፈቃድ አይወጣም። ቅርስ ከተገኘም በቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጦርነት ያለፈበት አካባቢ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ማሽኑ ላልፈነዳ ቦምብም ልክ እንደ ወርቁ ይጮሃል። "ከሩቅ ወርቅ ይጠቁማል" ተብሎ የሚሸጠውን አንቴና ያለው ዕቃም በሰላም እለፉት። ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል እንግሊዛዊ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ በሚሸጥ ባዶ ዕቃ ላይ ተመሥርቶ የሠራውን አንቴና ያለው ዕቃ የቦምብ መጠቆሚያ ነው ብሎ ሸጦ በ2013 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። አንቴናውን የሚያዞረው የያዘው ሰው እጅ ነው።

አንዳንዶቻችሁ የጠፋባችሁን አንድ ቀለበት ለማግኘት ብቻ ልትገዙ አስባችኋል። አትግዙ። ዘ ሪንግ ፋይንደርስ የሚባል የፈላጊዎች ማውጫ አለ፤ በየአካባቢያችሁ ያለውን ሰው ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ የመንገድ ወጪያቸውን ይቀበሉና ሲገኝ የፈቀዳችሁትን ትሰጧቸዋላችሁ። ማሽን የሚያከራዩ ሱቆችም አሉ፤ ግን ለማያውቀው ሰው በአንድ ቀን ኪራይ ማግኘት ከባድ ነው። ከሁለቱ ፈላጊውን መጥራት ይሻላል።

ባለፈው ሰኔ አንዲት እናት ለልጃቸው ምርቃት ድግስ ሲሯሯጡ የቃል ኪዳን ቀለበታቸው ጓሮ ውስጥ ወደቀባቸው። በማግስቱ ጠሩኝ። "ልጄ፣ አርባ ዓመት ያልወለቀ ነው" አሉኝ፤ በረንዳው ላይ ቆመው አንዴም አልተቀመጡም። ድንኳኑ ከነበረበት ጀምሬ ሣሩን በመስመር በመስመር ሄድኩበት። ስድስት የጣሳ ቀለበት አወጣሁ። ሰባተኛው ያው ቁጥር፣ ያው ድምፅ ነበር። ተንበርክኬ ሣሩን በጣቴ ስከፍተው ቀለበቱ ሥሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ መቆፈርም አላስፈለገው። "እማማ፣ ይምጡ" አልኳቸው።