ኬብሮን ላይ መንገዱ የተዘጋው ለደህንነት ነው ወይስ ሰዉን ለማስለቀቅ?

ቤርሳቤህ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ለፋሲካ ኢየሩሳሌም መጥተው ኬብሮንን ተሳልመው የተመለሱ እናት ፎቶ ለጥፈው "ከተማው ፀጥ ያለ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ በዓል መሰለኝ" ብለው ነበር። እትዬ፣ በዓል አይደለም። ኬብሮን ዌስት ባንክ ውስጥ ያለች የፍልስጤም ከተማ ናት፣ መሀሏ ግን በእስራኤል ጦር ስር ነው። ያ መንገድ ሹሃዳ ይባላል፣ ድሮ የከተማው ዋና የገበያ መንገድ ነበር፣ አትክልት ተራውም ወርቅ ቤቱም እዛው አጠገብ ነበር። እኔ ወታደር ሆኜ እዛ ሰፈር ሰባት ወር ቆሜበታለሁ ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው። የሱቆቹ በር ተበይዷል፣ በቁልፍ አይደለም የተዘጋው፣ በብየዳ። ፊት ለፊት በራቸው ወደዛ መንገድ የሚከፈት የፍልስጤም ቤተሰቦች በራሳቸው በር መውጣት ስለማይችሉ በጓሮ ወይ በጣሪያ በመሰላል ዞረው ነው የሚወጡት። መስኮቱ ሁሉ የሽቦ መረብ አለው፣ ድንጋይ እንዳይገባ። መኪናቸው ስለማይገባ ጋዝ ሲያልቅ ሲሊንደሩን ተሸክመው ነው ኬላውን የሚያልፉት። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ፣ የእናቴ እኩያ፣ ከልጅ ልጇ ጋር ሲሊንደር በሁለት ጎን ይዘው መጡ፣ የኬላው ብረት መፈተሻ ማሽን ጮኸ፣ ብረት ነው መቼም ይጮሃል፣ አለቃችን መልሷቸው አለኝ፣ መለስኳቸው። አስር ደቂቃ ቆይተው ደግመው መጡ፣ ልጁ እያለቀሰ ነበር። እስከዛሬ ከአይኔ አልጠፋም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ይሄ ነገር ማንን ነው ከምን የሚጠብቀው?

ቂርያት አርባ፦
ስማ የኔ ልጅ፣ እኔ በሱዳን በኩል ነው የመጣሁት፣ መንግስት እዚህ ኬብሮን ጥግ ባለችው የእስራኤል ሰፈራ ቤት ሰጠን ልጆቼን እዚህ አሳደግኩ፣ ለፖለቲካ ብዬ የመጣሁ ሰው አይደለሁም። ግን አንተ ያላነሳኸው አለ። በፈረንጅ በ1929 በአንድ ቀን 67 አይሁዶች ኬብሮን ውስጥ ታርደዋል፣ ሽማግሌ ሴት ሳይሉ። በ2001 የአስር ወር ህፃን ከኮረብታው በተተኮሰ ጥይት ሞታለች። የልጆቼ አውቶብስ መስታወት ስንቴ ተሰብሯል፣ እኔ ራሴ ልጄን ጭንቅላቷን ስትሸፍን አይቻለሁ። ኬላው ሲላላ ሰው ይሞታል፣ ይሄን የማታውቅ አይመስለኝም፣ ቆመህበታል እኮ።

መርካቶ፦
ጋሼ በእድሜዎ አክብሬዎት ልናገር። የ1929ኙን ማንም አይክደውም፣ በአረብ ጎረቤቶቻቸው ቤት ተደብቀው የተረፉም ብዙ እንደነበሩ ግን አብሮ ይነገር። ደግሞ ሹሃዳ መጀመሪያ ለፍልስጤም መኪና የተዘጋው መቼ ነው? በየካቲት 1994 በፈረንጅ፣ በረመዳን፣ ጁምዓ ቀን ለፈጅር ሶላት ሱጁድ ላይ የነበሩ ሰዎችን ባሩክ ጎልድስቲን ኢብራሂሚ መስጊድ ውስጥ ገብቶ 29 ሰው ከገደለ በኋላ ነው። ገዳዩ የቂርያት አርባ ነዋሪ፣ ዶክተር። ከዛስ? ሟቾቹ ፍልስጤሞች፣ መንገድ የተዘጋባቸውም ፍልስጤሞች፣ መስጊዱም ለአይሁድና ለሙስሊም ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። የገዳይ ወገን እንዲጠበቅ የሟች ወገን ቤቱ ተዘጋበት፣ ይሄን "ደህንነት" ሲሉኝ በጣም ያመኛል።

ቂርያት አርባ፦
ያን ሰው እኔም እረግመዋለሁ። ግን መንገዱ ለእግረኛ ጭምር ጥርቅም ያለው በ2000 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ፣ የፍልስጤሞቹ አመፅ፣ ከተነሳ በኋላ ነው፣ ያኔ በየቀኑ ተኩስ ነበር፣ አንተ መርካቶ ሆነህ ልትሰማው አትችልም።

ዲሲ፦
እኔ ከመጽሐፍ ቅዱስ ልጨምር። ኬብሮን የተገዛች ርስት ናት። አብርሃም ሣራን ለመቅበር አሁን ያ መስጊድ ያለበትን ዋሻ ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዝቷል፣ ዘፍጥረት 23 ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ብሩን መዘነለት ይላል። ርስታቸው ነው፣ አለቀ።

ቤርሳቤህ፦
እህቴ እሱን ምዕራፍ ቀስ ብለሽ መልሰሽ አንብቢው እስኪ። ኤፍሮን በነፃ ውሰድ እያለው እንኳን አብርሃም እምቢ ብሎ፣ "እንግዳና መጻተኛ ነኝ" ብሎ፣ ለሀገሬው ሰው ሰግዶ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ነው የወሰደው። ጎረቤቱን በጣሪያ አላስወጣም። እኔ አይሁድ ነኝ፣ ያ ዋሻ ለኔም ቅዱስ ነው፣ አባቴ ጎንደር ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ሲጸልይ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ አይሁድ ኬብሮን መጸለይ የለበትም እያልኩ አይደለም።

ጋሼ ስለ ተኩሱ ያሉት እውነት ነው። ግን ተኩሱ ከቆመ ስንት አመት ሆነው? በ1997 በተፈረመው ስምምነት ከተማው ሲከፈል በእስራኤል ጦር ስር በቀረው አንድ አምስተኛ ክፍል ከ30 ሺህ በላይ ፍልስጤም ይኖራል፣ የአይሁድ ሰፋሪው ጥቂት መቶ ነው። ቤጸሌም የሚባለው የኛው የእስራኤሎች የሰብአዊ መብት ድርጅት በ2007 ቆጥሮ ባወጣው፣ መሀል ከተማው ላይ ከ1000 በላይ ቤት ባዶ ሆኗል፣ ከ1800 በላይ ሱቅ ስራ አቁሟል። ከጥቅምት 7 2023 በኋላ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ ከቤት አትውጡ ብለው ዘጉት፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው በሳምንት ሶስት ቀን፣ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ውጡ ተባሉ። አንድ ሰዓት ውስጥ ዳቦ ገዝተህ፣ መድኃኒት ገዝተህ፣ ኬላ ተሰልፈህ መመለስ! ሰፋሪው በዛው መንገድ እንደልቡ ይሄዳል።

አዳማ፦
ይቅርታ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ኑሮው እንዲህ ከሆነ ለምን ለቀው አይሄዱም? ሌላው የኬብሮን ክፍል በፍልስጤም አስተዳደር ስር አይደል?

መርካቶ፦
ብዙው ሄዷል እኮ፣ 1000 ቤት የተባለው እሱ ነው። የቀረው ግን ከወጣ ቤቱን ዳግም እንደማያየው ያውቃል፣ ባዶ ቤት ላይ ሰፋሪ ይገባል። ለዚህ ብሎ ከ1996 ጀምሮ የፍልስጤሞቹ የአሮጌው ከተማ ማደሻ ኮሚቴ የድንጋይ ቤቶቹን እያደሰ ኪራይ ሳያስከፍል ቤተሰብ ያስገባል። የአሮጌው ገበያ ላይ የሽቦ መረብ ተዘርግቷል፣ ከላይ ከሚኖሩት ሰፋሪዎች የሚጣለው ቆሻሻና ጠርሙስ ሰው ላይ እንዳይወድቅ። ድንጋይ እንኳን መረቡ ያቆመዋል፣ ፈሳሽ ሲደፉ ግን ያልፋል። ደግሞ ህጉ። እዛው መንገድ ላይ ሁለት ልጆች ድንጋይ ቢወራወሩ የፍልስጤሙ ልጅ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው፣ የሰፋሪው ልጅ በእስራኤል ሲቪል ህግ ነው የሚዳኘው። አንድ ሰፈር ሁለት ህግ።

ቂርያት አርባ፦
ቆሻሻ የሚጥሉትን እኔ አልደግፍም፣ ባለጌ ናቸው፣ ሁላችንም ግን እንደዛ አይደለንም። እኔን አረብ አያስጠላኝም። እንደመጣሁ ሰሞን፣ የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ሳይነሳ በፊት፣ ሚስቴ አብሽና ጥቁር አዝሙድ የምትገዛበት ሱቅ ነበር ታች ገበያው ላይ፣ ሰውየው አማርኛ አያውቅ እኛ አረብኛችን የሱዳን፣ እየሳቀ አንድ እፍኝ ይጨምርልን ነበር። ለልጄ ከረሜላ ይሰጣት ነበር። አሁንም ግን ኬላው ይነሳ ካላችሁኝ አይነሳ ነው የምለው፣ ልጆች አሉኝ።

ቤርሳቤህ፦
ጋሼ እኔም ኬላው ሁሉ ነገ ይነሳ አላልኩም። የተበየደው በር ይከፈት ነው ያልኩት፣ እናትየዋ ጋዟን በራሷ በር ታስገባ። ያ ሱቅ በየት በኩል ነበር?

ቂርያት አርባ፦
ከመስጊዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሩ አረንጓዴ።

ቤርሳቤህ፦
አውቀዋለሁ። ፀሐይ ሲበረታ እሱን በር ተደግፌ ነበር የምቆመው።