ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፦ የቤት ኢንተርኔት በርካሽ ከየት ይገኛል?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። በዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የቤት ኢንተርኔት በወር 45 ዶላር ብሎ ያስገባኝ ኩባንያ (ስሙ ይቅር) ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን 83 ዶላር አደረሰውና አቋረጥኩት። አሁን ልጆቹ የቤት ሥራ የሚሠሩት በእኔ ስልክ ዳታ ነው። ትናንት ማታ ስልኩ እንደ ምጣድ ግሎ በመሐል ጠፋባቸው። ጎረቤቴ «መንግሥት 30 ዶላር ይከፍልልሻል» ትለኛለች፤ እውነት ነው? ልጆቹ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) አላቸው፣ ትምህርት ቤትም በነፃ ምሳ ይበላሉ። ቤቱን የምንጋራው ከሌላ ቤተሰብ ጋር ነው።

ሹፌሩ
እህቴ፣ ጎረቤትሽ አልዋሸችም፤ ወሬው አርጅቶባት ነው። የ30 ዶላሩን ድጎማ 23 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ ሲጠቀምበት ቆይቶ ኮንግረስ ገንዘብ ስላልጨመረለት እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2024 አብቅቷል። «ለእሱ ልመዝግብሽ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ስጪኝ» የሚል ሰው ከደወለ ስልኩን ዝጊበት።

አሁንም ያለው ላይፍላይን ነው። ከ1985 ጀምሮ የነበረ የፌዴራል ድጎማ ሲሆን ከወር ሒሳብሽ ላይ እስከ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይቀንሳል። ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ። ልጆችሽ ሜዲኬይድ ስላላቸው ታልፊያለሽ፤ የትምህርት ቤቱ ምሳ ግን ለዚህ አይቆጠርም። የሚሰጠውም በአንድ ቤተሰብ ለአንድ አገልግሎት ብቻ ነው፤ ለስልክሽ ካዋልሽው ለቤት ኢንተርኔት አይደገምም። ሁሉም ኩባንያ ስለማይቀበለው በላይፍላይን ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድሽን አስገብተሽ ፈልጊ።

የማታ ፈረቃ ነርስ
የነፃ ምሳው ደብዳቤ የሚሠራው ኮምካስት የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ለሚሸጠው «ኢንተርኔት ኤሴንሻልስ» ለሚባል ርካሽ ጥቅል ነው። ሜዲኬይድም ይሆናል። በወር 15 ዶላር ገደማ ነው፤ የሞደም ኪራይ የለውም፣ ውል አያስገባም፣ የብድር ታሪክሽንም አያዩም። አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ባለፉት 90 ቀናት የእነሱ ኢንተርኔት ደንበኛ ከነበርሽ አይቀበሉሽም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ ደጅ ጠናሁ። ስትደውዪ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ሌላ ውድ ጥቅል ሊሸጡልሽ ሲሞክሩ ደግሞ «ኤሴንሻልስ» ከሚለው ቃል ንቅንቅ እንዳትዪ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ ከዋጋው በፊት ስምሽን አስተካክዪ። የእኔን የላይፍላይን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ መልሰውታል። በሜዲኬይድ ካርዴ ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ አገራችን ልማድ በአባቴ ስም አቆምኩ። ለኮምፒውተራቸው ሁለት የተለያየን ሰዎች ሆንን። ካርዱን ከፊትሽ አስቀምጠሽ በላዩ ያለውን ፊደል በፊደል ቅጂ፤ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብትጎድል ዋጋ ታስከፍላለች።

በአንድ አድራሻ ሁለት ቤተሰብ መኖሩም አያስጨንቅሽ። ገቢና ወጪ ካልተጋራችሁ ለየብቻ ትቆጠራላችሁ፤ ይህንኑ የሚገልጽ ቅጽ ይሰጡሻል፣ ሞልተሽ ትፈርሚያለሽ። ላይፍላይኑን በየዓመቱ ማደስ እንዳትረሺ።

ደባል ኖሬ የማውቅ
ሁላችሁም ስለ ቅጽ ታወራላችሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ራውተር ምን ይሠራል? ከቤት ተጋሪዎችሽ ጋር አንዱን አስገቡና ሒሳቡን ለሁለት ተካፈሉ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እነሱ የሌሊት ሠራተኞች ስለሆኑ ኢንተርኔት አያስፈልገንም ብለውኛል፤ እሑድ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ። የቀድሞው ኩባንያ ኮምካስት ስላልሆነ የ90 ቀኑ ነገር አይነካኝም። ግን እስኪገባልኝ ድረስ ልጆቹ ምን ይሁኑ?

ነርሷ
ቤተ መጻሕፍት ውሰጂያቸው፤ ዋይፋይ በነፃ ነው፣ ኮምፒውተርም አለ። ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ እንደ መጽሐፍ የሚያውሱ ቤተ መጻሕፍትም አሉ፤ የእናንተው ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ።

ጠያቂ
ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ የቤት ሥራውን ጨርሰው ነው የወጣነው። የምሳውን ደብዳቤ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከአሮጌ ወረቀቶች ሥር ተለጥፎ አገኘሁት። አባቴ፣ እንዳሉት ስሙን አየሁ፤ ደብዳቤው ላይ የልጄ የአያት ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል። ነገ ጠዋት ለማሳረም ትምህርት ቤቱ ቢሮ እሄዳለሁ።