የወንድሜን የገበጣ ጨዋታ ከፍሎፒ አውጥቼ በዊንዶውስ 11 ላይ እንዴት ላስኪደው?

የፍሎፒ ወራሽ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ታላቅ ወንድሜ በ1988 ዓ.ም. የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ተርቦ ፓስካል በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የጻፈው አንድ የገበጣ ጨዋታ አለ። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉም ስድስት ጉድጓድ ያለው ሲሆን፣ ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ኮምፒውተሩ «ጢጥ፣ ጢጥ» ይል የነበረው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ወንድሜ አሁን ውጭ አገር ነው የሚኖረው፤ ለፋሲካ ስለሚመጣ፣ ሳልነግረው አዘጋጅቼ ላሳየው አስቤ ከእናታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ባለ ሦስት ተኩል ኢንች ፍሎፒዎች አወጣሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ተውሼ የመጀመሪያውን ያለ ችግር ገለበጥኩት፤ ገበጣውም፣ በዚያን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር የነበረው ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ የተባለው የልዑል ጨዋታም በውስጡ ተገኙ።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ስጫነው ዊንዶውስ 11 ፕሮግራሙ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ አይችልም ብሎ ይመልሰኛል። ዶስቦክስ የሚባለውን ኢሙሌተር፣ 0.74-3 የተባለውን እትም፣ ጫንኩ፤ ጨዋታዎቹን ዴስክቶፕ ላይ «ጨዋታዎች» በሚል ፎልደር ውስጥ አስቀምጬ አድራሻውን በዶስቦክሱ የማስተካከያ ፋይል መጨረሻ ላይ ጻፍኩ። እሱ ግን የፎልደሩን ስም ወደማይነበብ ምልክት ለውጦ እንዲህ ያለ ፎልደር የለም ይለኛል። ፎልደሩ ግን ዓይኔ ሥር ነው ያለው! ምን አጥፍቼ ይሆን?

ባለ 486

እህቴ፣ ያጠፉት ነገር የለም፤ ሁለት የተለያዩ እንቅፋቶች ናቸው ያጋጠሙዎት።

የመጀመሪያው የዊንዶውሱ ነው። ዶስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ላይ የሚሄዱ ፕሮግራሞች የተጻፉት ለ16 ቢት አሠራር ነው። የቀድሞዎቹ ባለ 32 ቢት ዊንዶውሶች እነዚህን ፕሮግራሞች ያስኬዱ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ከወጣው 386 ፕሮሰሰር ጀምሮ በቺፑ ውስጥ በተካተተ አንድ ልዩ አሠራር አማካይነት ነበር። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሲሠራ ግን ያ አሠራር አይገኝም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም ጭራሽ የለውም። ስለዚህ ፋይሉን ቀኙን ተጭኖ «ለቀድሞ ዊንዶውስ የሚስማማ» የሚለውን ምርጫ መነካካት ለዶስ ፕሮግራም ዋጋ የለውም። ዶስቦክስ ይህን ሁሉ የሚያልፈው የዊንዶውስን ፈቃድ ሳይጠይቅ ፕሮሰሰሩን፣ የስክሪን ካርዱን፣ የድምፅ ካርዱንና ዶስን ራሱን በሶፍትዌር አስመስሎ ስለሚሠራ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የእኛው ፊደል ነው፤ እኔም ራሴ አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥዬበታለሁ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የዊንዶውስ የኮድ ገጾች (የፊደል ሰንጠረዦች) ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ዶስቦክስ 0.74 የፎልደርን ስም የሚጠራው በዚያው በአሮጌው መንገድ ስለሆነ «ጨዋታዎች» የሚለውን ቃል ሊያነበው አይችልም። የፎልደሩን ስም ብቻ ቀይረው ዴስክቶፕ ላይ ቢተዉትም ላይበቃ ይችላል፤ የዊንዶውስ መግቢያ ስምዎ በአማርኛ ከሆነ አድራሻው መሐል ላይ እሱም አለና።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ፣ ከማንም ፎልደር ሥር ሳይሆን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዶስ» የሚል ፎልደር ይክፈቱና ጨዋታዎቹን ወደዚያ ያዛውሩ። ስሙ ከስምንት ፊደል አይብለጥ፣ ክፍት ቦታም አይኑርበት፤ የዶስ ሕግ እንዲያ ነው። ከዚያ ዶስቦክስን ሲከፍቱ «ዜድ» በሚል መስመር ይጠብቅዎታል፤ «ማውንት»፣ ቀጥሎ «ሲ»፣ ቀጥሎ የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ ይጻፉና ኢንተር ይበሉ፤ ከዚያም «ሲ» ብለው ሁለት ነጥቡን ያስከትሉ። (እዚህ ትእዛዙን በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ ነው፤ ዶስቦክስ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው።) «ዲር» ሲሉ የፋይሎቹ ዝርዝር ከወጣ ሥራው አልቋል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሲ ድራይቭ ለዶስቦክስ አይስጡት። የዶስ ፕሮግራም ፋይል ሲያጠፋ እንደ ዊንዶውስ ቅርጫት ውስጥ አያስቀምጥም።

የፍሎፒ ወራሽ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የመግቢያ ስሜም በአማርኛ ነበር። ፎልደሩን እንዳሉኝ ባዛውረው ወዲያው ተገኘ፤ ልዑሉም በነጭ ልብሱ እስር ቤቱ ውስጥ ብቅ አለ።

ሆኖም ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ልዑሉን በጥንቃቄ ለማራመድ ሺፍትን ደጋግሜ ስጫን ዊንዶውስ መሐል ላይ አንድ መስኮት ይከፍትብኛል፤ በዚያች ቅጽበት ልዑሉ ገደል ይገባል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ አጠርና ወፈር ያሉ መሰሉኝ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ገበጣው ገና ሳይከፈት «ራንታይም ኤረር 200» ብሎ ይዘጋል። አንድ ቦታ ላይ ባነበብኩት ምክር መሠረት ፍጥነት እንዲጨምር «ኮር» የሚለውን «ዳይናሚክ»፣ «ሳይክልስ» የሚለውን ደግሞ «ማክስ» አድርጌዋለሁ። ፍሎፒው ተበላሽቶ ይሆን?

ሰማንያ አምድ

ፍሎፒው ደህና ነው። ጨዋታውን የዘጋው የጨመሩለት ፍጥነት ነው፤ ወንድምዎም ጥፋት የለባቸውም።

«ኤረር 200» በዜሮ ማካፈል ማለት ነው ተብሎ ይተረጎማል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ዜሮ የሚባል ነገር የለም። በተርቦ ፓስካል 7 የተጻፈ ፕሮግራም ሲአርቲ የሚባለውን ክፍል ከተጠቀመ፣ ገና ሲነሣ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ይለካል። የሚለካውም እንዲህ ነው፦ የኮምፒውተሩ ሰዓት በየ55 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ፕሮግራሙ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ባዶ ዙር እየዞረ ይቆጥራል፤ ከዚያ ቁጥሩን ለ55 ያካፍልና ለአንድ ሚሊሰከንድ ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ ይይዛል። ይህ ውጤት የሚቀመጥበት ቦታ 16 ቢት ብቻ ነው፤ ከ65,535 በላይ አይችልም። ቋንቋው በወጣበት ዘመን ያን ያህል የሚዞር ኮምፒውተር ስላልነበረ ማንም አላሰበበትም። 200 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ፔንቲየሞች ሲመጡ ግን ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ፕሮሰሰሩም የማካፈል ስሕተት ብሎ ሲጮህ ፓስካል ያንን «በዜሮ ማካፈል» ብሎ ተረጎመው። በዚያን ጊዜ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው የፓስካል ፕሮግራሙ ሁሉ በአንድ ሌሊት እምቢ ሲለው ቫይረስ መስሎት ይደነግጥ ነበር።

እንግዲህ እርስዎ «ማክስ» ሲሉት ዶስቦክስ ላፕቶፕዎ የቻለውን ያህል ይሮጣል፤ ገበጣውም ያው የድሮው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ሁለቱንም ወደ ነበሩበት ወደ «አውቶ» ይመልሷቸው። በዚህ እትም «አውቶ» ማለት ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም 3000 ሳይክል፣ ማለትም በአንድ ሚሊሰከንድ 3000 ያህል ትእዛዝ ማለት ነው፤ ለገበጣ ከበቂ በላይ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለዚያ «ጢጥ፣ ጢጥ» ልንገርዎ። በሁለት ጠጠሮች መካከል ያለው ዝግታ የሚለካው ጨዋታው ሲነሣ በተያዘው በዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ ጨዋታው ከተከፈተ በኋላ ኮንትሮልን ከኤፍ 12 ጋር ተጭነው ሳይክሉን ቢጨምሩ ጠጠሮቹ ተራቸውን ሳይጠብቁ ዝርግፍ ይላሉ፤ ኮንትሮልን ከኤፍ 11 ጋር ቢጫኑ ደግሞ ይጎተታሉ። ፍጥነቱን መቀየር ካለብዎ ጨዋታውን ዘግተው፣ ቀይረው፣ እንደገና ይክፈቱት። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ 11ና ኤፍ 12 ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር ካልሆነ አይሠሩም።

ሁሉም ጨዋታ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ዊንግ ኮማንደር በዘመኑ በነበሩት ኮምፒውተሮች ፍጥነት ላይ ተመክቶ ስለተሠራ፣ ሳይክሉ ሲበዛ ጠላት ገና ሳይታይ ተኩሶ ያልፋል። ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ግን ጊዜውን ከሰዓቱ ስለሚወስድ ልዕልቲቱን ለማዳን የተሰጠው 60 ደቂቃ ዛሬም 60 ደቂቃ ነው።

ባለ 486

የቀሩትን ሁለቱን ልጨርስ። ሺፍት አምስት ጊዜ ሲመታ የሚከፈተው መስኮት ስቲኪ ኪስ የሚባለው የዊንዶውስ አገልግሎት ነው፤ በሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ቀጥሎ ኪቦርድ ብለው ያጥፉት። ሰዎቹ ያጠሩት ደግሞ ጨዋታው በ320 በ200 ነጥብ ተሥሎ በአሮጌው 4 ለ 3 ስክሪን ላይ እንዲታይ ስለታሰበ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከስፋቱ ቁመቱ ይበልጥ ነበር። በማስተካከያው ፋይል ውስጥ «አስፔክት» የሚለውን «ትሩ»፣ «አውትፑት» የሚለውን «ኦፕንጂኤል» ያድርጉ። በዚህ ሁሉ መነካካት የማይፈልግ ሰው ዶስቦክስ ስቴጂንግ የሚባለውን ዝርያ ቢጭን ብዙው ተስተካክሎ ይጠብቀዋል፤ 0.74 መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነውና አሁን ዕድሜው ያስታውቃል።

የመጀመሪያውን ደረጃ ሲጨርሱ ፊደል የተጻፈባቸው ጠርሙሶች ያሉበት ክፍል ካጋጠመዎ አይገረሙ። ከጨዋታው ጋር የሚሸጠው መጽሐፍ በእጁ ያለ ሰው ብቻ ትክክለኛውን እንዲጠጣ የተደረገ የቅጂ መከላከያ ነው። መጽሐፉን አይቼው የማላውቀው እኔ በልጅነቴ ስንት መርዝ እንደጠጣሁ አልነግርዎትም።

ሴሚኮለን

ስለ ልዑሉ ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ገበጣው ነው የምናገረው። ፍሎፒው ላይ በ«ፓስ» የሚያልቅ ፋይል ካለ ያ የወንድምዎ የእጅ ጽሑፍ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተሠራበት ጽሑፍ (ሶርስ ኮዱ) ነው፤ ከሚሠራው ፕሮግራም ይልቅ እሱ ይበልጣል። ፍሪ ፓስካል የሚባለው ነጻ ኮምፓይለር (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጥ መሣሪያ) የተርቦ ፓስካልን አጻጻፍ የሚቀበልበት አሠራር ስላለው፣ ኮዱን በጥቂት ማስተካከያ ወደ ዊንዶውስ ፕሮግራም መቀየር ይቻላል። ያኔ ኢሙሌተርም፣ ሳይክልም፣ ኤረር 200ም አያስፈልግም።

የፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ደራሲ ጆርዳን ሜክነር አፕል 2 ለሚባለው ኮምፒውተር የጻፈውን እትም ኮድ ለዓመታት ፈልጎ አጥቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አባቱ ዕቃ ሲያገላብጡ ዲስኮቹ ያሉበትን ሳጥን አገኙ፤ ኮዱም ተነብቦ በዚያው ዓመት ለሕዝብ ተለቀቀ። የእናትዎን ቁም ሣጥን እንደገና ይፈትሹ።

ሰማንያ አምድ

በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ለፋሲካው ግን ዋናውን ራሱን በዶስቦክስ ያሳዩዋቸው። እንደገና ኮምፓይል በተደረገው ላይ የድምፁና የዝግታው ነገር እንደ ጥንቱ ስለመሆኑ ዋስትና የለም፤ እርስዎ ደግሞ የፈለጉት ያንን ድምፅ ነው። ኮዱን ወንድምዎ ሲመጡ አብራችሁ ብትነካኩት ይሻላል፤ በ1988 የጻፉትን መስመር ሲያዩ ምን እንደሚሉ መስማት ነበር።

የፍሎፒ ወራሽ (ጠያቂ)

ተሳካ። ሁለቱንም ወደ «አውቶ» መለስኩና ገበጣው ተከፈተ፤ ከታች «ከጠጠርህ አንድ ብታጎድል ሌባ ነህ» የሚል በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ማስጠንቀቂያ አለበት፤ ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ድምፁም ያው ነው። እናቴ ከጓዳ ሆና «ምንድነው የሚጮኸው?» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አለች።

በ«ፓስ» የሚያልቅ ፋይል ግን በመጀመሪያው ፍሎፒ ላይ የለም። ሁለተኛውን ሳስገባው ማንበቢያው ጥቂት ካንጎራጎረ በኋላ ዊንዶውስ ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ልቀበለው?

ባለ 486

በጭራሽ! ፎርማት ካደረጉት በውስጡ ያለውን ይደመስሰዋል። ይህ ጥያቄ ዲስኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ዊንዶውስ የዲስኩን መጀመሪያ ማንበብ ሲያቅተው የሚለው ነው።

አሁኑኑ ያውጡትና በጀርባው በአንደኛው ጥግ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አንሸራተው ቀዳዳው ክፍት እንዲሆን ያድርጉ፤ ያኔ በስሕተት «እሺ» ቢሉ እንኳ ማንበቢያው ሊጽፍበት አይችልም። ከዚያ የብረቱን ሽፋን ቀስ ብለው ገፋ አድርገው ጥቁሩን ዲስክ በብርሃን ይዩት። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ሻጋታ ካለው ደግመው አያስገቡት፤ የማንበቢያው ራስ ዲስኩን ስለሚነካው እያንዳንዱ ሙከራ ሽፋኑን ይፍቀዋል፣ ቆሻሻውም ወደሚቀጥለው ፍሎፒ ይሻገራል። ንጹሕ ከሆነ ግን በዩኤስቢ በሚሰካው ሳይሆን በአሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ በተገጠመ ማንበቢያ ይሞክሩት፤ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ እኔ ጋ እስከ አሁን የሚሠራ አንድ አለ፤ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ።