ልጆቹ መዝሙሩን ያውቁታል፣ እጃቸውን ግን አይታጠቡም። ምን ይሻላል?

መምህርት_ከሀዋሳ
ሰላም ለሁላችሁም። ሀዋሳ ነው የማስተምረው፣ ሁለተኛ ክፍል። ልጆቼ የእጅ መታጠብ መዝሙሩን በቃላቸው ይወጡታል። «መቼ ነው የምንታጠበው?» ስላቸው እየተሻሙ ይመልሳሉ። ከዚያ ደወል ሲደወል ኳሳቸውን ሲያንከባልሉ ይቆዩና አቧራ የጠጣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ።

እያገለገሉ መማር ስለሚባለው ነገር ስልጠና ላይ ሰምቻለሁ። ልጆቹ በተማሩት ነገር ሌላውን የሚጠቅም ሥራ ይሠራሉ፣ ከዚያ ስለ ሠሩት ቁጭ ብለው ይወያያሉ። በጣም ወድጄዋለሁ። ግን የ8 ዓመት ልጅ ማንን፣ እንዴት ያገለግላል? እንደ ጽዳት ዘመቻ የአንድ ቀን ሆይ ሆይታ ሆኖ እንዳይቀርም እፈራለሁ። የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ሳሙና ጠዋት ብናስቀምጥ ከሰዓት አይገኝም።

ጠመኔ
ሰላም ቲቸር፣ እኔም ታችኛውን ክፍል ነው የማስተምረው። ዘመቻ እንዳይሆን ከፈለግሽ ችግሩን ልጆቹ ራሳቸው ይዩት፣ አንቺ አትንገሪያቸው። በእረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ሁለት ባዶ ጣሳ ይዘው ሽንት ቤቱ አካባቢ ይቁሙ። አንድ ሰው ከሽንት ቤት በወጣ ቁጥር ግራው ጣሳ ውስጥ አንድ ጠጠር፣ ታጥቦ በሄደ ቁጥር ቀኙ ውስጥ አንድ ጠጠር። ስም መጻፍ የለም፣ ማንንም ማሳጣት የለም። ክፍል ገብተው ይቁጠሩት፣ ይቀንሱት፣ ሰሌዳ ላይ ይሳሉት። የዕለቱን ሒሳብም በዚያው ሠራሽ ማለት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ሲከራከሩ ዝም ብለሽ ስሚያቸው። አንዱ ሳሙና የለም ይላል፣ ሌላው ቧንቧው ሩቅ ነው ይላል። የሚሠሩት ሥራ ከዚያ ይወጣል።

ማንን ያገልግሉ ላልሽው፣ እኔ ማስታጠብን ነው የመረጥኩት። እቤት እንግዳ ሲመጣ ጆግና ሳፋ ይዞ የሚያስታጥበው ልጅ አይደል? «እደግ፣ ተመንደግ» ተብሎ ይመረቃል፣ ደስ ይለዋል። የኔዎቹ ምሳ ሰዓት ላይ በተራ የኬጂ ልጆችን ያስታጥባሉ። በጣቶች መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ስር፣ ቀስ ብለው እስከ 20 እየቆጠሩ። የሚያስታጥበው ልጅ መጀመሪያ እሱ ይታጠባል፣ ሕጉ ይህ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ የግድ አስር ደቂቃ ስጪያቸው። ምን ከበደን? ነገ ምን እንቀይር? አንዷ ልጅ «እኛ ከሌለን ትንንሾቹ ቧንቧው ላይ አይደርሱም፣ እጅጌያቸው ነው የሚረጥበው» አለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ተፈልጎ መርገጫ ተሠራ። ይሄን ውይይት ከዘለልሽው ተራ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ጤና_ኤክስቴንሽን
የሳሙናው ነገር ቀላል ነው እህቴ። ደረቅ ሳሙና አታስቀምጡ። 1.5 ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ 30 ግራም ያህል የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጡበት፣ ክዳኑን ብሱት፣ በገመድ እሰሩት። ጨመቅ ሲያደርጉት ጠብ ይላል፣ ማንም ኪሱ ከትቶት አይሄድም። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በእንጨት ላይ አንጠልጥሉና በእግር ሲረገጥ ዘንበል እንዲል በገመድ እሰሩት። ትንሽ ውሃ ብዙ ልጅ ያስታጥባል።

ግን እጅ ላይ ብቻ አትቁሙ። እኛ ሐይቅ ዳር ነን። ቢልሃርዚያን እጅ መታጠብ አያቆመውም። ተውሳኩ ዳር ዳሩን ካለው ቀንድ አውጣ ወጥቶ ልጁ ሊዋኝ ወይ ልብስ ሊያጥብ ሲገባ በቆዳው በኩል ነው የሚገባው። ሰው ዳር ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ሐይቃችንን እናጽዳ» ብላችሁ ልጆቹን ውሃ ውስጥ እንዳታስገቧቸው፣ አደራ። ይልቅ ይሄን ዙር በትልቅ ወረቀት ስለው ለወላጆች ቀን ያቅርቡት። መድኃኒቱ ትምህርት ቤት የሚታደልበት ቀን ሲደርስም ታናናሾቻቸውን «በልታችሁ ኑ» ይበሏቸው፣ በባዶ ሆድ ጥሩ አይደለም።

የሦስት_ልጆች_አባት
እንደ ወላጅ አንድ ነገር ልበል። እኛ ስንማር ሽንት ቤት የሚያጸዳው ያረፈደ ልጅ ነበር። ልጄ «ዛሬ ትምህርት ቤት ጠረግን» ሲለኝ ቶሎ የሚመጣልኝ ቅጣት ነው፣ ብዙ ወላጅም እንደዚሁ ነው። ሽንት ቤት ማጽዳት የ8 ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም፣ ለጤናውም አይሆንም። ማስታጠቡን ግን ወድጄዋለሁ። ቀድማችሁ ጥሩንና አስረዱን፣ ሳሙናውን እናዋጣለን። ብቻ ሳሙና ያላመጣ ልጅ ከበር እንዳይመለስ። ሲሆን አይቻለሁ፣ ያንገበግባል።

የጥርስ_ነገር
ወደ ጥርስ ንጽሕናም የምትሄጂ ከሆነ ይህን ልብ በይ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ብዙ ቦታ ይበዛል። ጥርሱ የበለዘ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ይኖራል። ብለዙ የመጣው ጥርሱ ድድ ውስጥ እያለ ልጁ ከጠጣው ውሃ ነው፣ በብሩሽም በመፋቂያም አይለቅም። ስለዚህ ነጭ ጥርስ ላለው የሚጨበጨብበት ውድድር ይቅር። ያ ልጅ ሁለተኛ አይስቅም።

መምህርት_ከሀዋሳ
ኧረ ተባረኩ! የጥርሱን ነገር በተለይ። አንድ ልጅ አለኝ፣ ሲያነብ በእጁ አፉን የሚሸፍን፣ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሰኞ በጠጠሩ እጀምራለሁ። የወላጅ ስብሰባ ሳይደረግ ማስታጠቡን አልጀምርም። ጥቅምት 5 የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን ስለሆነ የኬጂዎቹ ወላጆች ያን ቀን መጥተው ቢያዩ ብዬ አስቤያለሁ፣ ግን በማግስቱም ተራው ይቀጥላል። የሃይላንዱን ክዳን በምን ልብሳው?

ጤና_ኤክስቴንሽን
ቀጭን ሚስማር በእሳት አግለሽ። አንድ ቀዳዳ ይበቃል፣ ሰፊ ከሆነ በአንድ ቀን ያልቃል። መብሳቱን አንቺ ሥሪው፣ መበጥበጡን ለነሱ ተዪላቸው።